መምህሩ ሕግ አውጪ፦ ውድሮው ሎይድና የሳስካችዋን የሕክምና ሕግ

የካናዳ ሕዝብ የሕክምና ዋስትና ታሪክ በተነሳ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠራው የቶሚ ዳግላስ ስም ነው። ተገቢም ነው። ሆኖም ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት በዚያ አስጨናቂ ወር ሸክሙ የወደቀው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነበር፤ ይኸውም አስተማሪ በነበረው በውድሮው ሎይድ ላይ።

ሎይድ በ1913 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1930ዎቹ ድርቅና የስንዴ ዋጋ ውድቀት ባንድነት አገሬውን ባደቀቁበት ዘመን አስተማረ፤ የመምህራን ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው የትምህርት ቤት ቦርዶች በዚያን ጊዜ ጥቂት አልነበሩም። የመምህራኑ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደረሰ። በሰኔ 1944 ገበሬውንና ሠራተኛውን ያስተባበረው የኅብረት ሥራ ኮመንዌልዝ ፌዴሬሽን ከ52 መቀመጫዎች 47ቱን ሲያሸንፍ፣ ሎይድ በ30 ዓመቱ ከቢጋር ወረዳ ተመርጦ ምክር ቤት ገባ፤ ወዲያውም የትምህርት ሚኒስትር ሆነ።

የጠበቀው ሥራ ቀላል አልነበረም። ክፍለ ሀገሩ 5 ሺህ ያህል ጥቃቅን የትምህርት ቀበሌዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱም በራሱ ግብር ስለሚተዳደር የድሃ ቀበሌ ልጅ ዕጣው የድሃ ትምህርት ቤት ነበር። ሎይድ ቀበሌዎቹን በትልልቅ የትምህርት ክፍሎች አዋሐዳቸው። ትምህርት ቤታችን ከእጃችን ወጣ ብለው ያጉረመረሙ ገበሬዎች ነበሩ፤ ቅሬታቸውም ከንቱ አልነበረም፣ መንደሩ ከትምህርት ቤቱ ሌላ መሰብሰቢያ አልነበረውምና።

በኅዳር 1961 ዳግላስ ወደ ፌዴራል ፖለቲካ ሲሻገር የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ሥልጣን ለሎይድ ተላለፈ። በዚያው ወር የወጣው የሕክምና ሕግ የሐኪሞቹን ማኅበር ክፉኛ አስቆጣ። በግንቦት 1962 ሎይድ ማኅበሩ በተሰበሰበበት አዳራሽ ራሱ ተገኝቶ አስረዳ፤ የተቀበሉት በጩኸትና በፌዝ ነበር። ሕጉን የማትቀበሉ ተነሡ ሲባልም ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ቁጥር ብድግ አሉ። ሐምሌ 1 ቀን ሕጉ ሲጸና አብዛኞቹ ሐኪሞች ክሊኒኮቻቸውን ዘጉ፤ ለድንገተኛ ሕመም ብቻ የሚያገለግሉ ጥቂት ሆስፒታሎች ቀሩ። መንግሥት ከብሪታንያ ጭምር ሐኪሞች አስመጣ። የታመመ ልጅ ታቅፋ ለምትንከራተት እናት ክርክሩ የፖለቲካ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ልጅ አንድ ቀን ቢሞት ጥፋቱ ማን ላይ እንደሚጣል ሎይድም ያውቅ ነበር። ቢሆንም ሕጉን አላነሣም።

ከ23 ቀናት በኋላ በብሪታንያዊው ሐኪም በሎርድ ቴይለር ሽምግልና በሳስካቱን ከተማ ስምምነት ተፈረመ። ሐኪሞቹ በየአገልግሎቱ ክፍያ የመቀበልና ከዕቅዱ ውጪ የመሥራት መብት አገኙ። ይህን ሽንፈት ነው ያሉ አሉ፤ ነገር ግን ዋናው ፍሬ፣ ማለትም ዋስትናው ለሁሉም ዜጋ መሆኑና ወጪውን የሕዝብ ገንዘብ መሸፈኑ፣ አልተነካም።

መራጩ ሕዝብ ግን በ1964 የሎይድን ፓርቲ ከሥልጣን አወረደ። ተተኪው የሮስ ታቸር መንግሥት በ1968 በታማሚው ላይ ክፍያ ቢጨምርም ዕቅዱን ራሱን አልሻረም። ሎይድ እስከ 1970 ተቃዋሚውን ወገን ከመራ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተወካይነት ወደ ኮሪያ ሪፐብሊክ ሄደ። በሚያዝያ 1972 በሴኡል አረፈ፤ በዚያ ዓመት የካናዳ ክፍለ ሀገሮች በሙሉ በሕዝባዊ የሕክምና ዋስትና ውስጥ ገብተው ነበር።