ስልኩን ገዛችሁት፤ ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

ወዳጆች፣ እስቲ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ከ15 ዓመት በፊት የተገዛ ላፕቶፕ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ካለ፣ ዘንድሮ የወጣ ሊነክስ በፍላሽ ይዞ መጥቶ የሚጭንላችሁ ልጅ ከሰፈር አይጠፋም። በአንድ ከሰዓት ላፕቶፑ ነፍስ ይዘራል፤ ኢንተርኔት ይከፍታል፣ ደብዳቤ ያስጽፋል። ከ8 ዓመት በፊት የተገዛ ስልክ ግን አቅሙ ከዚያ ላፕቶፕ ብዙም ሳያንስ «አፕዴት አይቀበልም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስክሪኑ አልተሰበረም፤ ቻርጅም ይይዛል። ታዲያ ምን ጎደለው?

«ስልክና ኮምፒውተር ስለሚለያዩ ነው» የሚል አለ። አይደለም። ስልክም ኮምፒውተር ነው። የሁለቱን ዕጣ የለየው ታሪካቸው ነው።

ኮምፒውተሩ እንዴት ተከፈተ?

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ያወጣው ቶሎ ገበያ ለመግባት ሲል ብዙውን ዕቃ ከሌሎች ኩባንያዎች ገዝቶ በመገጣጠም ነበር። የራሴ ብሎ የያዘው ዋናው ነገር ባዮስ የሚባለው፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። በ1982 ኮምፓክ የተባለ አዲስ ኩባንያ የአይቢኤምን ኮድ ሳይገለብጥ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ባዮስ አዘጋጅቶ መጣ። ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ የአንድ ኩባንያ ንብረት መሆኑ ቀረ፤ ማንም የሚሠራው፣ ማንም የፈለገውን የሚጭንበት ዕቃ ሆነ። በ1991 የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊነክስን ሲጀምር በገዛው ማሽን ላይ ለመሥራት የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም።

ስልክ የራሱን ኮምፓክ አላገኘም። እያንዳንዱ ሞዴል ቺፑ፣ ስክሪኑና ካሜራው የሚገናኙበት መንገድ የየራሱ ነው፤ ይህን ለከርነሉ በዝርዝር የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። የሚገርመው አንድሮይድ ራሱ የቆመው በሊነክስ ከርነል ላይ መሆኑ ነው። ነገር ግን አምራቹ አንዱን የከርነል ቅጂ ይወስዳል፣ የራሱን ድራይቨር ይለጥፍበታል፣ ስልኩን ይሸጣል፣ ሥራውን ግን ብዙ ጊዜ ወደ ዋናው ሊነክስ አይመልስም። የቺፕ ሠሪው ድጋፍ ሲያቆም ስልኩ በዚያው ከርነል ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። በዚህ ላይ ቡትሎደሩ ተቆልፏል፤ ስልኩ የአምራቹ ማኅተም የሌለበትን ሲስተም አላስነሳም ይላል።

ኖኪያ የጀመረው መንገድ

ሌላ መንገድ ግን ነበር። ኖኪያ በ2005 ኖኪያ 770 የተባለ ትንሽ ታብሌት አወጣ፤ የሚሠራው ከዴቢያን ሊነክስ በተቀዳ ማኤሞ በሚባል ሲስተም ነበር። በ2009 መጨረሻ ደግሞ ኤን 900 መጣ፤ 3.5 ኢንች ስክሪን፣ ተንሸራትቶ የሚወጣ ኪቦርድ፣ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ። ዛሬ ቁጥሩ ያስቃል። ያ ስልክ ግን ለባለቤቱ ተርሚናል ይከፍትለት ነበር፤ ሙሉ ሥልጣን ለማግኘትም ቁልፍ መስበር አላስፈለገም። ሰዎች ሙሉ ዴቢያን ከነዴስክቶፑ አስነስተውበት ኦፕን ኦፊስ ከፍተውበታል።

ከዚያስ? በየካቲት 2011 የኖኪያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስቲቨን ኢሎፕ ኩባንያውን በሚነድ መድረክ ላይ ከቆመ ሰው ጋር አመሳስሎ ለሠራተኞቹ ጻፈ፤ ወዲያው ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ ፊቱን ወደ ዊንዶውስ ፎን አዞረ። የሊነክሱ ኤን 9 በዚያው ዓመት ሲወጣ ተተኪ እንደማይኖረው አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። በ2014 የስልኩ ክፍል ለማይክሮሶፍት ተላለፈ። ከኖኪያ የወጡ ሠራተኞች ጆላ የተባለ ኩባንያ መሥርተው ሴልፊሽ የሚባለውን ሲስተም እስከ ዛሬ ይዘውታል፤ ገበያው ግን በአንድሮይድና በአይፎን ተይዟል።

ገንዘብ ያላቸውም ሞክረዋል

በ2013 የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል ከስክሪንና ከኪቦርድ ጋር ሲያያዝ ዴስክቶፕ የሚሆን ኡቡንቱ ኤጅ የተባለ ስልክ ለመሥራት ከሕዝብ 32 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ወደ 12.8 ሚሊዮን ቃል ተገባለት፤ ግቡ ስላልሞላ ስልኩ አልተሠራም። በ2017 መሥራቹ ማርክ ሻትልወርዝ የስልኩን ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። ሳምሰንግም በ2018 ጋላክሲ ላይ ኡቡንቱ የሚያስነሳ «ሊነክስ ኦን ዴክስ» ለሙከራ ለቀቀ፤ በ2019 አንድሮይድ 10 ሲመጣ አቆመው። ኩባንያ በበጎ ፈቃዱ የሰጠውን በበጎ ፈቃዱ ይወስዳል።

ሕይወት የቆየው ከበጎ ፈቃደኞች ዘንድ ነው። ካኖኒካል የጣለውን ኡቡንቱ ተች ዩቢፖርትስ የተባለ ማኅበረሰብ አነሳው። በዚያው በ2017 ፖስትማርኬት ኦኤስ ተወለደ፤ ዓላማውም ስልክ 10 ዓመት እንዲያገለግል ነው። መንገዱ ቀላል ይመስላል፦ የየስልኩን ድራይቨር ወደ ዋናው ከርነል ማስገባት፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ከርነል ሲወጣ ስልኩም አብሮ ይታደሳል። ሥራው ግን አድካሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ማኑዋል ይሠራል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞዴሎች ተሞክረዋል፤ በደንብ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ከተሳካላቸው አንዱ ስናፕድራጎን 845 ቺፕ ያለው የ2018ቱ ዋንፕላስ 6 ነው።

ፍርዱን ከዚህ እዩት። የ2009ኙ ኤን 900 ድራይቨሮቹ በአብዛኛው ዋናው ከርነል ውስጥ ስለገቡ ዛሬም አዲስ ሊነክስ ያስነሳል። ከእሱ ብዙ ዓመት ዘግይተው የወጡ፣ በአቅም ብዙ እጥፍ የሚበልጡ ስልኮች ግን አይችሉም። ስልክን የሚገድለው ዕድሜ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እኛ ጋ ሲመጣ

ብዙ ስልክ ወደ ሀገራችን የሚገባው ተነካክቶ ነው፤ ከዱባይ፣ ከአሜሪካ፣ ከዘመድ ሻንጣ። «ዲኮድ» ማስደረግን ሁላችን እናውቃለን። ዲኮድ ግን የሚከፍተው የሲም ቁልፉን ነው፤ ቡትሎደሩ ሌላ ቁልፍ ነው። በአሜሪካ የኔትወርክ ኩባንያዎች በኩል ከተሸጡ ስልኮች አንዳንዶቹ ሲማቸው ተከፍቶም ቡትሎደራቸው አይከፈትም። ለመሞከር የምታስቡ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሊነክስ የተጫነበት አሮጌ ስልክ ለዕለት ስልክነት አይመችም። ካሜራው ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፣ ጥሪው ይቆራረጣል፣ የባንክ አፕ አይሠራበትም። ነገር ግን ኪቦርድ ተሰክቶለት ተማሪ ፕሮግራሚንግ ይማርበታል፤ ለትንሽ ቢሮ ፋይል የሚያስቀምጥ ሰርቨር ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው መቀጠሉም ትርፍ ነው። ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪ ሊያብጥ ስለሚችል ግን ዓይናችሁ አይለየው።

«ቁልፉ ለደኅንነት ነው» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ሌባ ስልካችሁን ወስዶ የራሱን ሲስተም እንዳይጭን መከልከሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን የቤት በርም ይቆለፋል፤ ቁልፉ የሚቀመጠው ከባለቤቱ ዘንድ ነው። ይህ እንደሚቻልም ታይቷል፤ የጉግል ፒክስል ስልኮች ቡትሎደሩን ከፍታችሁ፣ ሌላ ሲስተም ጭናችሁ፣ በራሳችሁ ቁልፍ መልሳችሁ እንድትቆልፉ ይፈቅዳሉ።

የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ አንድ ሞዴል መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሲስተም አፕዴት እንዲሰጠው አዟል። ጥሩ ጅምር ነው። እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፦ አፕዴቱ የሚያልቅበት ቀን ቁልፉ የሚሰጥበት ቀን ይሁን። አምራቹ ስልኩን ከተወው፣ ሌላው እንዳያነሳው የሚከለክልበት ምን ምክንያት አለው?

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ዋጋውን ከፍላችሁ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁት፣ ቁልፉ ግን በሌላ ሰው እጅ ያለ ስልክ የሰው ወርቅ ነው። በሚቀጥለው ስትገዙ ስለ ካሜራው ከመጠየቃችሁ በፊት «ቡትሎደሩ ይከፈታል ወይ?» በሉ። ሻጩ ላያውቅ ይችላል። ጠያቂ ሲበዛ ግን ማወቅ ይጀምራል።