ከእንዝርት እስከ ቶርኖ፤ የእንጨት እሽክርክሪት ታሪክ በቂርቆስና በካዛንቺስ

የሰው ልጅ የመሽከርከርን ጠባይ የተማረው ከመጻሕፍት ሳይሆን ከእጁ ሥራ ነው። በአገራችን የዚህ ትምህርት የመጀመሪያው መምህር እንዝርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የምትፈትል እናት ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ፣ የእንዝርቱን ዘንግ በጭኗ ላይ አንከባልላ ስታሾረው፣ በዘንጉ ላይ የተሰካው ክብ የተቀበለውን ጉልበት ወዲያው አይጥለውም፤ እንደ ቆጣቢ ሰው ይዞ ቀስ በቀስ ለፈትሉ ያካፍለዋል። በፋብሪካ ሞተር ላይ የሚታየው ከባዱ የማመጣጠኛ መንኰራኵር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልጆች የሚጫወቱባት የእንጨት እሽክርክሪትም ክር የመፍተሉ ተግባር ቀርቶላት፣ ለመሾር ብቻ የተሠራች እንዝርት ናት።

እሽክርክሪት ከዕቃ ሁሉ ያነሰች፣ ከዋጋም የረከሰች ብትሆንም፣ አሠራሯ ሲመረመር የአንድ ሙያን ታሪክ ትገልጣለች። ይህም ሙያ እንጨትን እያዞሩ የመቅረጽ ሙያ፣ በተለምዶ አጠራሩ የቶርኖ ሥራ ነው። ሙያው በአዲስ አበባ የተተከለበትን ዘመን ለመረዳት ደግሞ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ የሠፈሮቹ ስምና የመሣሪያዎቹ ስም በአንድ መንገድ የመጡ ናቸውና።

የቢላዋና የቶርኖ ልዩነት

እሽክርክሪት በሁለት መንገድ ልትሠራ ትችላለች። አንደኛው በቢላዋ መጥረብ ነው። በዚህ መንገድ የምትሠራው እሽክርክሪት ፍጹም ክብ አትሆንም፤ ስለዚህ ልጁ በጅራፍ ወይም በገመድ ጫፍ እየመታ ጉልበት ይጨምርላታል፣ ስትዘምም ያቃናታል። ሁለተኛው መንገድ በቶርኖ ማዞር ነው። በቶርኖ የተሠራችው እሽክርክሪት ገመድ ተጠምጥሞባት አንድ ጊዜ ከተወረወረች በኋላ እርዳታ ሳትሻ ትቆማለች።

የልዩነቱ ምክንያት የክብደት ማዕከል ነው። አንዲት እሽክርክሪት በሰከንድ 20 ጊዜ ትዞራለች እንበል። የክብደት ማዕከሏ ከምትዞርበት ዘንግ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ቢርቅ፣ ዘንጉን ወደ ጎን የሚጎትተው ኀይል ከራሷ ክብደት አንድ ተኩል እጅ በላይ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። የውሃ ፓምፕ ዘንግ ኩሽኔታውን የሚበላው፣ የመኪና ጎማ ሚዛኑን ሲስት መሪውን የሚያንቀጠቅጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጁ ሒሳቡን ባያውቅም፣ የጠማማዋን እሽክርክሪት ድምፅ ከደኅናዪቱ ለይቶ ያውቃል።

ከዚህም በላይ፣ በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር የዘንጉን አቅጣጫ በቀላሉ አይለቅም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሌዎን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1852 ይህን ጠባይ ተጠቅሞ የመሬትን መዞር ያሳየበትን መሣሪያ ጋይሮስኮፕ ብሎ ሰየመው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፣ ያን ጊዜ የነበሩት አውሮፕላኖች አብራሪው በደመና ውስጥ ሚዛኑን የሚያውቅባቸውን መሣሪያዎች የሚያንቀሳቅሰው ይኸው የእሽክርክሪት ጠባይ ነበር።

ከአክሱም የተገኘው ምስክር

ብዙ ሰው እያዞሩ የመቅረጽ ጥበብ ወደ አገራችን የገባው ከባቡርና ከጣሊያኖች ጋር እንደ ሆነ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በብሪታንያዊው አርኬዎሎጂስት በዴቪድ ፊሊፕሰን መሪነት በአክሱም በተካሄደው ቁፋሮ፣ የጡብ ቅስቶች መቃብር ተብሎ ከሚጠራው ስፍራ እጅግ የረቀቁ የዝሆን ጥርስ ሥራዎች ተገኝተዋል። ከእነዚህም መካከል በማዞሪያ መሣሪያ ላይ እየተሽከረከሩ የተቀረጹ አሉ። መቃብሩ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው።

የመሣሪያው የዓለም ታሪክ ከዚህ ጋር ይስማማል። እስከ ዛሬ ከታወቁት የማዞሪያ መሣሪያ ሥዕሎች ጥንታዊው በግብፅ በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ የሚገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተቀረጸው ነው። በሥዕሉ ላይ አንዱ ሠራተኛ ጠፍሩን እየሳበ ዕቃውን ሲያዞር፣ ሌላው መሮውን ይዞ ይቀርጻል። በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ዕቃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚመላለስ፣ መሮው የሚቆርጠው በአንደኛው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የሥራው ጊዜ ግማሽ በከንቱ ያልፋል። ሳያቋርጥ ወደ አንድ ወገን የሚዞር ቶርኖ ለማግኘት የእግር መርገጫና ከባድ መንኰራኵር፣ ኋላም ሞተር አስፈልጓል።

የአክሱሙ ባለሙያ መሣሪያውን የጠራበት ስም በአማርኛችን አልተረፈም። በገጠር የሚሠራው ክብ የእንጨት ዕቃ በመጥረቢያና በመሮ የሚፈለፈል ሆኖ ቆየ፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ ወንበር ለዚህ ዋና ማስረጃ ነው። ይህ ሥራ የራሱ ከፍ ያለ ጥበብ ያለው መሆኑ የማይካድ ነው። ዳሩ ግን ነገሥታት የሚቀበሩበት ከተማ የተራቀቀበት የማዞር ሙያ ስሙን እንኳ ሳያወርስ መቅረቱ፣ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ የሚደርስበትን ዕጣ ያሳያል።

ስሞቹ የሚናገሩት

መሣሪያው እንደ ገና ሲመጣ በባዕድ ስም መጣ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የባቡር ጎማና ዘንግ ያለ ማዞሪያ መሣሪያ ሊጠገን ስለማይችል፣ የድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ የብረት ቶርኖዎች የቆሙበት ታላቅ ትምህርት ቤት ሆነ። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ለአካባቢው ለገሃር የሚለውን የፈረንሳይኛ ስም አተረፈለት።

ቀጥሎ የመጣው የጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በከተማው ላይ ሌላ የስም ሽፋን ጣለ። የኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በምሕጻር ኢንቺስ ይባል ነበርና፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የከተማው ሕዝብ ይህን አጣጥፎ ካዛንቺስ አለው። ፖፑላሬም እንዲሁ ለአነስተኛ ኗሪዎች ከተሠሩት ቤቶች ስሙን ወረሰ። እነዚህ ሠፈሮች የተተለሙት ወራሪውን ከአገሬው ለመለየት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በሥራ ቤት ውስጥ የሚሰማው ቋንቋም የዚሁ ዘመን ምስክር ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ቶርኖም ከጣሊያንኛው «ቶርንዮ» የመጣ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ በላቲን በኩል ወደ ግሪክኛው «ቶርኖስ» ይደርሳል። ወራሪው ሲወጣ ቤቱም፣ መሣሪያውም፣ ስሙም ቀረ፤ ኢትዮጵያዊው አናጢና ብረት ሠራተኛ ግን ሁሉንም የራሱ አደረገው።

ለአነስተኛው ሥራ ቤት ሞተር የሚያዞር ኀይል በሰፊው እንዲዳረስ የረዳው በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ 43 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው፤ የተሠራውም ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1953 ዓ.ም.፣ በአርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ከካዛንቺስ ጠርዝ ላይ ተመረቀ። በዚህ ታላቅ ሕንፃ ጥላ ሥር፣ በሠፈሩ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ የአልጋና የወንበር እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ሙቀጫና ዘነዘና የሚያዘጋጁት የእንጨት ሥራ ቤቶች የመሀል ከተማው ኑሮ አካል ሆነው ኖሩ።

አንዲት እሽክርክሪት እንዴት ትወጣለች

ለእሽክርክሪት የሚመረጠው እንጨት ጥብቅና ከባድ ሊሆን ይገባል። ወይራ በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። ዋንዛ ለመሮ የሚገዛ ቢሆንም ቀላል ስለ ሆነ ጉልበት አይዝም፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቍራጩ በሚገባ የደረቀ፣ የእንጨቱም ጅማት ከዘንጉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ አለዚያ አንዱ ጎን ከሌላው ይከብዳል።

ባለሙያው በቍራጩ ጫፍ ላይ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት መስመር አስምሮ ማዕከሉን ያገኛል። ከዚያም በቶርኖው ላይ አጥብቆ በቺንጊያ በሚዞረው ሞተር ያሾረዋል። ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ቍራጭ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር፣ ዳሩ በመሮው ፊት በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ያልፋል። የመሮው ስለት በዚህ ፍጥነት ላይ በተሳሳተ ማዕዘን ቢነካ እንጨቱን ይነክሳል፣ ሥራውም ይበላሻል። ስለዚህ እጅ መደገፊያው ላይ ጸንቶ፣ መሮው መጀመሪያ በጀርባው እየተሻሸ፣ ቀስ በቀስ ወደ ስለቱ ይመጣል። ይህን በቃል ማስረዳት ይቻላል፤ ማስተማር የሚቻለው ግን በእጅ ብቻ ነው።

ክቡ ከወጣ በኋላ ታችኛው ክፍል እንደ ሾጣጣ ይቀረጻል፣ ገመዱ እንዳይንሸራተት ስስ ቦዮች ይወጡለታል፣ ገላው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የብረት ጫፍ የሚገባበት ቀዳዳ የሚበሳው እንጨቱ ከቶርኖው ሳይወርድ ነው። ወርዶ በዓይን ግምት ቢበሳ፣ ቀደም ብሎ የተባለው የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት በዚህ ይገባልና። አንድን ክፍል ከሌላው ጋር በአንድ አያያዝ ሳይፈቱ መጨረስ የሚለው ደንብ፣ የተርባይን ዘንግ በሚዞርበት ፋብሪካም የሚሠራበት ነው።

የሚያሳስበው ነገር

ካዛንቺስ ዛሬ የቀድሞው ካዛንቺስ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ብዙዎቹን የመሀል ከተማ ቤቶች ወደ ቀበሌ ይዞታ አዛወረ፤ ኪራያቸው አነስተኛ በመሆኑም ጥገና እየጎደላቸው አረጁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሥራ የሠፈሩ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፣ ኗሪዎቹም እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። የፈረሱት ቤቶች አብዛኞቹ የተጨናነቁና የመጸዳጃ አገልግሎት የጎደላቸው እንደ ነበሩ እሙን ነው፤ ስለ ቤቶቹ ብቻ ማዘን የነገሩን ግማሽ መናገር ይሆናል።

ሌላው ግማሽ የሙያው ጉዳይ ነው። ቶርኖ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። የእንጨት ቍርጥራጭ የሚሰጠው ጎረቤት፣ የተሰበረ ወንበር ይዞ የሚመጣው ደንበኛ፣ መሮ የሚስለው ብረት ሠራተኛ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ቆሞ እያየ ሥራውን የሚለምደው ልጅ ግን አብረው አይጫኑም። ሥራ ቤት ከእነዚህ ሲለይ መሣሪያው ቢኖርም ሙያው ይመነምናል። በዚያ ላይ ከውጭ የሚገባው የፕላስቲክ መጫወቻ የልጆቹን ገበያ ይዟል።

ስለዚህ የሙያ ማኅበራት ድርሻ ግልጽ ነው። የሕንፃ ባለሙያው ከመፍረስ በፊት የተዞሩ የደረጃ መደገፊያዎችንና ምሰሶዎችን ለክቶ በንድፍ ሊያስቀር ይችላል፤ መካኒካል መሐንዲሱ የነባር ቶርነሪዎችን አያያዝ በፊልም ሊያስቀርጽ ይችላል፤ አዲስ ሠፈር የሚተልመው ባለሙያም ከመኖሪያው አጠገብ ኀይል የሚያገኝ የሥራ ቤት ቦታ ሊመድብ ይገባዋል። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለጀማሪ ተማሪ የመጀመሪያ ፈተና አድርገው እሽክርክሪትን ቢሰጡ የሚያስወጣቸው ወጪ የለም። አንድ ቍራጭ ወይራ፣ አንድ ምስማርና አንድ ክንድ ገመድ ይበቃል። ውጤቱንም ለመመዘን ሌላ መሣሪያ አያሻም፤ እሽክርክሪቷ በሲሚንቶ ወለል ላይ ተወርውራ ሳትወዛወዝ ከቆመች ተማሪው አልፏል።

ቂርቆስ ስሙን ያገኘው ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነት ከተቀበለው ሕፃን ነው። በሕፃን ስም በሚጠራ ክፍለ ከተማ፣ ለሕፃናት የሚሠራው ዕቃ ሙያውን ይዞ ቢቆይ የሚገባ ነው። የአክሱሙ ባለሙያ ተተኪ አጥቶ ሙያው ከነስሙ ተረሳ፤ የዛሬው ቶርነሪ ግን ሙያውን የሚረከብለት ተማሪ ሊያገኝ የሚችልበት ጊዜ ገና አላለፈም።