የባሕር ጃርት የሥጋ ዘመዱ ማን ነው?

እዚህ ዮቪል በአንዳንዱ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ለዕረፍት ወደ ባሕር የወረደ ሰው ይዞት የመጣ ክብ ነጭ ቅርፊት ይታያል። አምስት ቅጠል ያለው አበባ የተሳለበት ይመስላል። ደቡብ አፍሪካውያን በአበባ ስም ፓንዚ ሼል ይሉታል። ብዙዎቻችን ዛጎል ይመስለናል እንጂ፣ በሕይወት ሳለ ደቃቅ እሾህ የለበሰ የባሕር ጃርት ነበር።

የባሕር ጃርትና የባሕር ኮከብ የአንድ ወገን ናቸው። የዚህ ወገን ዘመድ ማን እንደሆነ ግን ሊቃውንት ደጋግመው ሐሳባቸውን ለውጠዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስዊድናዊው ሊኔዎስ በ1758 ከትሎች ጋር ደመራቸው። ፈረንሳዊው ኩቪየ በ1817 አካላቸው ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጋ መሆኑን አይቶ ከጄሊፊሽ ጋር አስቀመጣቸው።

ነገሩን የለወጡት ልጆቻቸው ናቸው። በ1840ዎቹ የበርሊኑ ዮሐንስ ሙለር የባሕር ውኃ በቀጭን መረብ እያጠለለ እጮቻቸውን አገኘ። እጩ ክብ አይደለም፤ እንደ እኛ ግራና ቀኝ አለው። አምስት ማዕዘን የሚይዘው ሲያድግ ነው። ኩቪየን ያሳሳተው መልክ ኋላ የመጣ ነበር ማለት ነው።

ሙለርም ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ግን ከግኝቱ ባልተናነሰ ጠቀመ። የባሕር ኮከብ ልጅ ነው ብሎ የመዘገበውን አንድ እጭ ሩሲያዊው መችኒኮፍ ሲከታተለው፣ አሸዋ ውስጥ የሚኖር ትል ሆኖ አደገ። ይህ ትል ደግሞ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ ስንጥቆች አሉት! በትሉ በኩል የባሕር ኮከብ ከዓሣና ከሰው ጋር ተዛመደ። ኦስትሪያዊው ግሮበን በ1908 ሁላችንንም በአንድ ጎራ አስገባን፤ ምክንያቱም በፅንሳችን መጀመሪያ የሚከፈተው ቀዳዳ አፍ አይሆንም፤ አፍ የሚመጣው ኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

በ2006 የባሕር ጃርት ዘረ መል ሲነበብ ዝምድናው ጸና። በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ የባሕር ኮከብ አካል በአብዛኛው ራስ እንጂ ደረትና ሆድ አይደለም አለ። ክርክሩ ገና አላበቃም።

አገራችንም በዚህ ድርሻ አላት። በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር አዋቂ ብላንፎርድ፣ ከመቀሌ በስተደቡብ ያለውን የኖራ ድንጋይ በሕንጣሎ ስም ሰየመው። ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ምድሩ ባሕር ሳለ የተነጠፈ ነው። ዛሬ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ የባሕር ጃርት ቅሪት ይገኝበታል። በዚያ አገር ከብት የጠበቀ አንባቢ ካለ፣ በእጁ አንስቶ ወርውሮት ይሆናል።