አካፋና ሙያ፦ ሥራ አጥን በግንባታ ሥራ የመርዳት ታሪክ

የሥራ አጥነት ጉዳይ በተነሣበት ስብሰባ ሁሉ የኢኮኖሚ ባለሙያውና የአስተዳዳሪው ድምፅ ሲሰማ መሐንዲሱ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ነገሩ የእርሱ አይመስለውም። ይሁን እንጂ አንድ መንገድ ሲሠራ ስንት ሰው እንጀራ እንደሚያገኝበት በአብዛኛው የሚወሰነው በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ነው። «አፈሩ በቡልዶዘር ይገፋል» ወይም «ድንጋዩ በእጅ ይጠረባል» ተብሎ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የሚጻፈው አንድ መስመር የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ይቈርጣል። ስለሆነም መንግሥታት ሥራ ያጡትን በግንባታ ሥራ ለመርዳት ያደረጉት ሙከራ ታሪክ የሙያችንም ታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ የሚመለከተው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በሠራተኛው እጅ ምን ቀረ?

ክፉውን ምሳሌ በቅድሚያ እናንሣ። የድንች በሽታ አየርላንድን ለረኃብ በዳረጋት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የመንገድ ሥራ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1847 በዚሁ ሥራ ላይ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ተሰማርተው ነበር። ሥራው ማንንም ባለርስት በተለይ እንዳይጠቅም ስለተፈለገ ከመንገዶቹ ብዙዎቹ የትም የማይደርሱ ሆኑ። ክፍያው በተሠራው መጠን ስለነበረም በረኃብ ጉልበቱ የከዳው ሰው፣ ማለትም ገንዘቡ ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገው፣ ከሁሉ ያነሰ ተከፈለው።

የፓሪሱ ታሪክ ግን ጠለቅ ብሎ መመርመር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሥራውን የመራው እንደ እኛው መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1848 አብዮት ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ከዙፋኑ ሲወርድ ጊዜያዊው መንግሥት ለዜጎች ሥራ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት አወጀና ብሔራዊ የሥራ ጣቢያዎችን አቋቋመ። ኃላፊነቱ የተሰጠው ኤሚል ቶማ ለተባለ፣ ኤኮል ሳንትራል በተባለው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ለተማረና ዕድሜው ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ለነበረ ወጣት ነው። ቶማ ሰዎቹን እንደ ጦር ሠራዊት አደራጀ። 11 ሰዎች አንድ ጓድ፣ አምስት ጓዶች ከአለቃቸው ጋር 56 ሰዎች ያሉት አንድ ብርጌድ፣ ከዚያም በላይ ሻምበልና ኩባንያ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ሥርዓት ነበር። አለቆች አድርጎ የመደበውም የትምህርት ቤቱን ልጆች ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስቀና አደረጃጀት ነበር።

የጎደለው ሥራው ራሱ ነበር። የመንግሥት መሐንዲሶች ለጣቢያዎቹ የሚሆን የሥራ ዕቅድ እንዲያቀርቡ ቢጠየቁም የመጣው ጥቂትና የዘገየ ነበር። ባለሙያ ባርኔጣ ሠሪና ወርቅ አንጥረኛ ሻን ደ ማርስ በተባለው ሜዳ ላይ አፈር እንዲደለድል ተላከ፤ ሌሎች በአብዮቱ ጊዜ ለምሽግ በተቈረጡት ዛፎች ፋንታ ሌላ ዛፍ እንዲተክሉ ተደረገ። በሥራ ቀን 2 ፍራንክ፣ ሥራ በሌለ ቀን ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይከፈል ነበር። የተመዘገበው ሰው ከ100 ሺህ አለፈ፤ ሥራ የሌለበትም ቀን በዛ። ቶማ የሰዎች ዝርዝር እንጂ የሥራ ዝርዝር አልነበረውም። በሜይ መጨረሻ እርሱ ከቦታው ተነሣ፤ ጁን 21 ቀን ወጣቶቹ ወደ ጦር ሠራዊት እንዲገቡ፣ ሌሎቹም ወደ ክፍላተ ሀገር እንዲሄዱ ታዘዘ። ከሁለት ቀን በኋላ ፓሪስ ውስጥ ሕዝባዊ ዐመፅ ተነሣና እስከ ጁን 26 በዘለቀው ውጊያ በሺህ የሚቈጠር ሰው አለቀ።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1933 ከሠራተኛቸው አንድ አራተኛ የሚሆነው ሥራ አጥቶ ሳለ በዚሁ ጥያቄ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ ሞከሩ። ሃሮልድ ኢኪስ የሚመራው መሥሪያ ቤት ታላላቅ ግድቦችንና ድልድዮችን በሥራ ተቋራጮች እያስጠና ያሠራ ነበር፤ ሥራው ያማረ፣ ነገር ግን ዝግተኛ ነበር። ሃሪ ሆፕኪንስ በበኩሉ በኖቬምበር 1933 በጀመረው ፕሮግራም በሁለት ወር ገደማ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በቀጥታ ቀጠረ። እርሱ ከ1935 ጀምሮ የመራው ሌላው ድርጅት እስከ 1943 ድረስ ለ8.5 ሚሊዮን ሰዎች ያህል ሥራ ሰጥቷል። በዚህ ድርጅት ውስጥ የፓሪሱ ስሕተት እንዳይደገም በተቻለ መጠን ሙዚቀኛው በሙዚቃው፣ ጸሐፊው በብዕሩ፣ አናጢው በመጋዙ እንዲሠራ ተሞክሯል። ወጣቶችን በሚመለከተው የደን ልማት ጓድ ውስጥ ደግሞ አንድ ልጅ በወር ከሚያገኘው 30 ዶላር 25ቱ ለቤተሰቡ ይላክ ነበር፤ ማታ ማታም ትምህርት ነበረ፤ ማንበብ ሳይችል ገብቶ አንብቦ የወጣ፣ መኪና መንዳት የተማረ ብዙ ነው። ጓዱ ሴቶችን አይቀበልም፤ ጥቁሮችንም በአብዛኛው በተለየ ሰፈር ያኖር ነበር። ይህ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም።

አፍሪካን በሚመለከት ለእኛ ቅርብ የሆነው አብነት የኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው የገጠር መጋቢ መንገዶች ፕሮግራም ከመነሻው ለሰው ጉልበት ተብሎ ተነደፈ። የመንገዱ ስፋትና የቦዩ ቅርጽ በአካፋና በዶማ ሊሠራ እንዲችል ተደርጎ ተሣለ፤ ጠጠሩ በእርሻ ትራክተር በሚጎተት ተሳቢ ተጓጓዘ። ሥራ ፈላጊው ከሚፈለገው ቍጥር ሲበልጥ በሕዝብ ፊት ዕጣ ይወጣ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ለቀኑ የተለካለትን ሥራ ሲጨርስ ወደ እርሻው ይመለሳል። ወጣት መሐንዲስ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ዓይኑ በግሬደርና በኤክስካቫተር ላይ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አካፋን በሚገባ ማሰማራት ከግሬደር የበለጠ የቅየሳና የቍጥጥር ችሎታ ይጠይቃል። ኪሲ ላይ የተቋቋመው ማሠልጠኛ የጓድ መሪዎችንና ተቈጣጣሪዎችን ያስተማረው ለዚህ ነው። የሥራ ዕድገት ያገኙትም በዋነኛነት እነዚህ ናቸው፤ ቆፋሪው ግን መንገዱ ከመንደሩ ሲያልፍ ሥራው አብሮ ያልፋል።

ጋና እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ አንድ እርምጃ ጨመረች። በመንግሥት ቅጥር ምትክ ትናንሽ የአገር ልጅ ተቋራጮች በጉልበት ሥራ ዘዴ ሠለጠኑ፤ ትራክተርና መዳመጫ በብድር ተሰጣቸው፤ ዕዳውም ከሥራ ክፍያቸው ላይ ይቀነስ ነበር። የቀን ሠራተኛውን የሚቀጥረው ነጋዴ ራሱ ሥራው እንዲቀጥል ጥቅም አለው ማለት ነው። እንቅፋቱ ያልተጠበቀ አልነበረም፤ መንግሥት ክፍያ ሲያዘገይ ተቋራጩ ለሠራተኞቹ የሚከፍለው ያጣል። ትልቅ ተቋራጭ ሦስት ወር ይታገሣል፤ የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን አይታገሥም።

በአገራችን ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በተራቈቱት ደጋማ ቦታዎች እርከን የሠራውና ችግኝ የተከለው ገበሬ በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰጠው ነበር። ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። ሆኖም ገበሬው ሥራውን የራሱ አድርጎ ስላልቈጠረው በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ ቦታ ደኑ ተቈርጧል።

ወደ ሙያችን ይበልጥ የቀረበው በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ የገባው የኮብልስቶን ሥራ ነው። ከመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ንድፉ ብልህ ነው። አስፋልት ከውጭ የሚመጣ ሬንጅ ይፈልጋል፤ ጥቍር ድንጋይ ግን ከከተማው ዳር ካለው ካባ ይገኛል። የድንጋዩ መጠን በአንድ ሰው እጅ ተይዞ በመዶሻና በመሮ እንዲጠረብ ተለክቷል። ማውጣት፣ መጥረብ፣ ማጓጓዝና ማንጠፍ ለየብቻ ስለሆኑ በየደረጃው የተደራጁ ወጣቶች ገብተውበታል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ወደ ጠረባው በገቡ ጊዜ በየቡና ቤቱ የተነገረውን ቀልድ አንባቢ ያስታውሳል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሊያሳፍር የሚገባው ድንጋይ መጥረቡ ሳይሆን ከጠራቢነት ወደ አንጣፊነት፣ ከዚያም ወደ ቀያሽነትና ወደ ተቋራጭነት የሚያወጣ ደረጃ በውሉ ውስጥ አለመጻፉ ነው። የሠፈሩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ተነጥፎ ሲያልቅ ማኅበሩ ይበተናል፤ ከሁለት ዓመት ልምድ በኋላ ልጁ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደ ገና በቀን ሠራተኝነት ይመዘገባል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ተቋም አያስፈልግም። የሙያ ብቃት ምዘና ሥርዓት በአገራችን አለ፤ ጠራቢው ሥራ ላይ እያለ ሊመዘን ይችላል። በየጨረታ ሰነዳችን የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ለአሸዋው ንጣፍ፣ ለጠርዝ ድንጋዩ፣ ለመዳመጫው ለእያንዳንዳቸው መደብ እንከፍታለን። ለሠልጣኝ አንጣፊና ለምዘናው ክፍያም አንድ መደብ ከፍተን በካሬ ሜትር ብናሰላው፣ ከጠቅላላው ዋጋ ምን ያህል እንደሚሆን በሚቀጥለው ጨረታ ላይ መሞከር የሚችለው ሰነዱን የሚያዘጋጀው መሐንዲስ ነው።