ባዶው ብረት 20 ኪሎ ነው

ሐራን የሚያውቃት ያውቃታል። ለማያውቃት፣ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ የሚያልፈው የባቡር መስመር ስም መጨረሻ ላይ «ሐራ ገበያ» የምትባለው እሷ ናት። እኛ ደግሞ እዚያ ብረት ልንገፋ ገባን።

ብረት ስንል ለክብሩ ነው እንጂ ግማሹ ጣሳ ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ ነው። የግራውና የቀኙ እኩል አይመዝንም። እሱን ችለን ስንጀምር አንዱ ጎረምሳ «እህቴ፣ ይቅርብሽ፣ ወንድ ትመስያለሽ!» ይላል። ሌላው ሳንጠይቀው ብረቱን ከእጃችን ተቀብሎ ያስቀምጥልናል። ከሁሉም የባሱት ግን በር ላይ ያገኙን አንዲት እናት ናቸው፤ «እናንተ ልጆች፣ ውሃው አልቆ ነው ብረት የምትሸከሙት?» አሉን።

ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ አላስተኛንም።

እስቲ ታሪክ እናገላብጥ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ አቴንስ ላይ የተከፈተው መጋቢት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1896) ነው፤ ከአድዋ ድል ገና 36 ቀን ቢያልፍ ነው። ዴንማርካዊው ቪጎ ጄንሰን በሁለት እጁ 111.5 ኪሎ አንስቶ አሸነፈ፤ ስሙም ኪሎውም እስከ ዛሬ ተመዝግቦ አለ። በወሎ በኩል አድርጎ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቅስ? በአህያና በበቅሎ ብቻ ሳይሆን በሴቶች ጀርባም ነው የሄደው። እሱን ማን መዘነው?

ሴቶች በክብደት ማንሳት የራሳቸውን የዓለም ሻምፒዮና ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ኦሊምፒክ የገቡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ፣ ከወንዶቹ 104 ዓመት ዘግይተው።

ጀሪካንም ታሪክ አለው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለጦራቸው ነዳጅ መያዣ የሠሩት ባለ 20 ሊትር ዕቃ ነው። ስሙን ያወጡለት ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ የነበሩት እንግሊዞች ናቸው። ዓለምን ዞሮ፣ ፕላስቲክ ሆኖ፣ እንስራን ተክቶ እኛ ጀርባ ላይ አረፈ።

20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ለወንዶች ውድድር የሚሠራው፣ ምንም ያልተጫነበት ባዶ ብረትም 20 ኪሎ ነው፤ የሴቶቹ 15። ይታያችሁ! እኛ ጂም ምን እንደሆነ ሳናውቅ፣ ያለ አሠልጣኝ፣ ዳገት ለዳገት ከኦሊምፒኩ ብረት የከበደ ተሸክመናል። ያኔ «ወንድ ትመስያለሽ» ያለን የለም። የሴት ሸክም የሚያስደነግጠው ለራሷ ብላ ስታነሳው ብቻ ነው ማለት ነው?

ነገም እንሄዳለን፤ ሲሚንቶው ቢዛባም። ያ ሊረዳን የሚቸኩለው ጎረምሳ ግን ጀሪካኑ ደጅ ተቀምጧል። አብሽር፣ ወንድ አያስመስልህም!