«ቶርኔዶ» የሚለው ቃል የተከለከለበት ዘመን

ግንቦት 17 ቀን 1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1955) ከምሽቱ 3:30 ገደማ፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ብላክዌል የተባለችውን ከተማ ቶርኔዶ መትቶ 20 ሰው ገደለ። አደጋውን ያመጣው ማዕበል በዚያ አላበቃም፤ ወደ ሰሜን ገሰገሰ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ 4:35 ላይ፣ ካንሳስ ውስጥ ዩዳል ደረሰ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ።

ዩዳል ያኔ 600 ያህል ነዋሪ ያላት የገጠር ከተማ ነበረች። ብዙው ሰው ተኝቷል። 80 ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ቆሰለ። በካንሳስ ታሪክ ይህን ያህል ሕዝብ የፈጀ ቶርኔዶ እስከ ዛሬ የለም።

አንድ ሰዓት! ስልክና ራዲዮ ባለበት አገር ይህ ብዙ ጊዜ ነው። በዚያን ቀን የቶርኔዶ ስጋት መኖሩን የሚገልጽ ትንበያ ለአካባቢው ወጥቶ ነበር። ትንበያ ግን ለሰፊ አገር የሚነገር ነገር ነው። «ወደ እናንተ እየመጣ ነው፣ ምድር ቤት ግቡ» ብሎ የተኛውን የሚቀሰቅስ ነጋሪት ዩዳል ውስጥ አልተጎሰመም።

ለምን? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1880ዎቹ ጆን ፊንሊ የተባለ የአሜሪካ ጦር የአየር ጠባይ ባለሙያ ቶርኔዶን አስቀድሞ ለመተንበይ ሞክሮ ነበር። አለቆቹ ግን ያንኑ አሥር ዓመት ሳያልቅ ቃሉ ራሱ በትንበያ ውስጥ እንዳይጠቀስ ከለከሉ። ምክንያታቸው የታወቀ ነው፦ ሕዝብ ይሸበራል። ክልከላው እስከ 1938 ጸና፤ ከዚያም በኋላ ቢሮው ቃሉን እንደ እሳት ነበር የሚፈራው።

የተሰበረው በወታደሮች ነው። መጋቢት 1948 ፎውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት የአየር ኃይል መኮንኖች ኦክላሆማ በሚገኘው የቲንከር ጦር ሰፈር ቶርኔዶ ይመጣል ብለው ተነበዩ፤ በዚያው ቀን መጣ። ትንበያው የደረሰው ግን ለጦር ሰፈሩ እንጂ ለሕዝቡ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ የአየር ጠባይ ቢሮው ለሠራተኞቹ ቃሉን መጠቀም እንደሚቻል በደብዳቤ አሳወቀ። ለሕዝብ የሚሰራጭ የቶርኔዶ ትንበያ የተጀመረው በ1952 ነው። ዩዳል ስትመታ ሥርዓቱ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር ማለት ነው። ዩዳልን ያጠፋት ክልከላው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ የባከነውን ጊዜ ማን ይመልሰዋል?

አሁን ሌላ ምሽት። ሚያዝያ 26 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007)፣ እዚያው ካንሳስ፣ ግሪንስበርግ። ነዋሪዋ 1,400 ገደማ፤ ሰዓቱ እንደ ዩዳል ሌሊት። የመጣው ቶርኔዶ ስፋቱ ከከተማዋ ይበልጥ ነበር፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከከተማዋ 95 በመቶው ወደመ። የማስጠንቀቂያ ሳይረኑ ግን ከ20 ደቂቃ ያህል በፊት ጮኋል፤ የአየር ጠባይ አገልግሎቱም በተለመደው ማስጠንቀቂያ ሳይወሰን «የቶርኔዶ ድንገተኛ አደጋ» ብሎ አወጀ። ሰው ምድር ቤት ገባ። የሞቱት 11 ናቸው። እርግጥ ምድር ቤት ያለው ቤት ብዙ መሆኑም ረድቷል፤ ግን ምድር ቤት የሚጠቅመው በጊዜ ለገባበት ነው።

ሕዝብ ይሸበራል የተባለው ሽብር በዚያ ምሽት አልታየም። በአሜሪካ የገጠር ከተሞች የሚጮኸው ሳይረን አመጣጡም ይገርማል፦ ብዙው የተተከለው ለቶርኔዶ ሳይሆን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሶቪየት አውሮፕላን ቢመጣ ተብሎ ነው።