የልብ ሕመምተኞች የስሜት አያያዝ

የልብ ሕመምተኞች የስሜት አያያዝ የሚባለው የልብ ሕመም ያለበት ሰው ፍርሃቱን፣ ቁጣውንና ሐዘኑን ለይቶ የሚያውቅበት፣ የሚያበርድበትና በተገቢው መንገድ የሚገልጽበት አኳኋን ሲሆን፣ ከመድኃኒት፣ ከአመጋገብና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የሕክምናው አንድ ክፍል ሆኖ ይቆጠራል።

ሰው ሲቆጣ ወይም ሲደነግጥ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ስለሚበዛ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብም ተጨማሪ ኦክስጅን ይሻል፤ ልብን የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች በጠበቡበት ሰው ላይ ግን ይህ ፍላጎት ስለማይሟላ የደረት ውጋት ወይም የልብ ምት መዛባት ሊከተል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች የገለጹት ታኮትሱቦ የተባለ ሕመም ደግሞ ቧንቧዎቹ ሳይዘጉ እንኳ የልብ ጡንቻ ከከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ ለጊዜው ሊዳከም እንደሚችል አሳይቷል። በ52 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኢንተርሃርት የተሰኘ ጥናትም የአእምሮ ውጥረትንና ድባቴን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ዋና ዋና አጋላጭ ምክንያቶች ጋር መድቧቸዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስ ከተነተኗቸው የስሜት መግዣ ስልቶች ሁለቱ በተለይ ይታወቃሉ። አንደኛው ዳግም ምዘና፣ ማለትም ለአንድ ሁኔታ የተሰጠውን ትርጉም መልሶ ማጤን ነው፤ ለምሳሌ ደረጃ ሲወጣ ልቡ የመታበት ታካሚ «ሕመሙ ተመለሰብኝ» ብሎ ከመሸበር ይልቅ፣ ሐኪሙ በፈቀደለት የእንቅስቃሴ መጠን የልብ ምት መፍጠኑ የሚጠበቅ መሆኑን ያስተውላል። ሁለተኛው አፈና ሲሆን፣ ፊት ላይ የሚታየውን ምልክት ቢሰውርም በውስጥ የነርቮችንና የደም ሥሮችን ውጥረት እንደሚያብስ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ስለዚህ «ዋጥ አድርገው» የሚለው የተለመደ ምክር ልብን አያሳርፍም።

በኢትዮጵያ የልብ ሕመም ያለበት ሰው በድንገት እንዳይደነግጥ መርዶ በዘመዶች ተመክሮበት፣ በጥንቃቄ ይነገረዋል፤ ይህ ድንጋጤውን ቢያለዝብም፣ ሐዘንተኛው ከዚያ በኋላ አልቅሶ እንዲወጣለትና ከሰው ጋር እንዲጽናና ዕድል ማግኘት አለበት።

ድባቴ፣ ማለትም ለሳምንታት የሚዘልቅ የሐዘንና የፍላጎት ማጣት ሁኔታ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከደረሰባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱን ገደማ ስለሚያጠቃና መድኃኒትን እስከ ማቋረጥ ስለሚያደርስ የባለሙያ እገዛ ያሻዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ኤንሪችድ የተባለ ሰፊ ጥናት እንዳረጋገጠው የንግግር ሕክምና ድባቴን ቢያቃልልም የሞትን ቁጥር አልቀነሰም፤ ስለሆነም ስሜትን መግዛት የልብን መድኃኒት አይተካም፣ የደረት ውጋት የተሰማውም ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ ሳይዘናጋ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ይገባዋል።